ከቀረጥ ኬላ እስከ ጤና ኬላ፤ መንግሥት በይፋት ማንን አሠለጠነ?

የመንግሥት መሥሪያ ቤት በር ላይ ቆሞ የሚያውቅ ሰው ሦስት መልሶችን በቃሉ ይዟቸዋል። «ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «ሲስተም የለም» እና «ሥልጠና ላይ ናቸው»። ከሦስቱ የምታስገርመን የመጨረሻዋ ናት። ኃላፊው የሄዱበት ሥልጠና ርዕስ «መልካም አስተዳደርና ቀልጣፋ አገልግሎት አሰጣጥ» የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነዋ! ባለጉዳዩ አገልግሎት ያጣው ስለ አገልግሎት እየተሠለጠነለት ነው ማለት ነው።

ነገሩን በቀልድ ማለፍ ይቻላል። እኛ ግን ወደ ታሪክ ልንወስደው ፈለግን። ኢትዮጵያ ሠራተኞቿን በወጉ ማሠልጠን ከጀመረች ሰባ ዓመት አልፏታል። ኢንስቲትዩት አቋቁማለች፣ ኮሌጅ ከፍታለች፣ ኮሌጁን ዩኒቨርሲቲ አድርጋለች፣ አካዳሚም ጨምራለች። ታዲያ ይህ ሁሉ ሥልጠና እያለ አገልግሎቱ የት ገባ? የተለመደው መልስ «በጀት የለም» ወይም «ተነሳሽነት የለም» የሚል ነው። ሁለቱም እውነትነት አላቸው። የኛ መልስ ግን ሌላ ነው። አብዛኛው ሥልጠና ሠራተኛውን ያስተማረው ወደ ላይ እንዲያይ ነው። ወደ ታች፣ ወደ ባለጉዳዩ እንዲያይ ያስተማረባቸው ጊዜያት ጥቂት ናቸው፤ በነዚያ ጊዜያት ግን ለውጥ ታይቷል።

ቋንቋችንም የሚነግረን ነገር አለ። «ሥልጣን»፣ «ሥልጣኔ» እና «ሥልጠና» የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። የሠለጠነ ሰው ከፍ ያለ ሰው ነው፤ ከፍ ያለ ሰው ደግሞ ይሾማል። «አገልጋይ» የሚለው ቃል ግን ከዚህ ቤተሰብ ውስጥ የለም። ይህን ነገር ከአራት ኪሎ ሆኖ ከማየት ከሸዋ ሮቢትና ከይፋት ቆላ ሆኖ ማየት ይሻላል ብለናል። ምክንያቱም መንግሥት ማንን ለምን እንዳሠለጠነ የሚታየው መመሪያው በሚጻፍበት ሳይሆን መመሪያው በሚደርስበት ቦታ ነው።

ኬላና እስር ቤት

ለአዲስ አበባ ልጅ ሸዋ ሮቢት ሁለት ነገር ናት። አንደኛ፣ ወደ ደሴ ሲኬድ የጣርማበርን ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲናን ቁልቁል ወርዶ ሹራብ የሚወልቅባት፣ ማንጎና ሽንኩርት የሚሸመትባት ሞቃት ከተማ። ሁለተኛ፣ ማረሚያ ቤት። በነሐሴ 2008 ዓ.ም. የቂሊንጦ ማረሚያ ቤት ከተቃጠለ በኋላ ወደ ሸዋ ሮቢት የተወሰዱ እስረኞች ተፈጸመብን ያሉትን ድብደባ ፍርድ ቤት ቆመው ሲናገሩ ብዙዎቻችን ሰምተናል። ከከተማዋ ስም ጋር እስር ቤቱ አብሮ ይጠራል።

መንግሥትንና እስርን አንድ ላይ ማየት ለይፋት አዲስ አይደለም። ይፋት ጥንታዊ ስም ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ የተነሣው የወላስማ ሥርወ መንግሥት የይፋት ሱልጣኔትን መሥርቶ ከዘይላ ወደ ደጋው የሚወጣውን የንግድ መስመር ይዞ ኖሯል። ከብዙ ዘመን በኋላ የሸዋ ገዢዎች ከመንዝ ወርደው አንኮበርን መቀመጫቸው ሲያደርጉ፣ ቆላውን በዚያው በወላስማ ቤት እጅ ማስተዳደር መረጡ። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1813–1847) የምሥራቁ ዳር አገር አበጋዝ ወላስማ መሐመድ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1841 በዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ ልዑክ ከባሕር ተነሥቶ ፋሬ ሲደርስ የተቀበሉት እኒሁ ሰው ናቸው።

ሃሪስ ከጻፈው የምንረዳው የአበጋዙ ሥራ ሁለት ዋና ዋና ነገሮች እንደነበሩት ነው። አንዱ በር መጠበቅ ነው። ከባሕር የሚመጣው ሲራራ ነጋዴም እንግዳም በሳቸው እጅ ያልፋል፤ ቀረጡም ከፋሬ እስከ አልዩ አምባ ባለው መስመር ይሰበሰባል። ሁለተኛው እስር መጠበቅ ነው። የንጉሡ ወንድሞች ዙፋን እንዳይቀሙ ታስረው የኖሩት በወላስማው ይዞታ በነበረችው በጎንቾ ነበር።

ይህ አስተዳደር ሥልጠና አልነበረውም ማለት አይቻልም። ልጅ ከአባቱ ይማራል፤ አፋሩን፣ አርጎባውን፣ ኦሮሞውንና አማራውን ለይቶ ያውቃል፤ መንገዱን፣ ውኃውንና ገበያውን ያውቃል። ዛሬ ከሌላ አካባቢ ተመድቦ የሚመጣ ባለሙያ በሦስት ዓመት የማያገኘውን የአገር እውቀት ወላስማው በእናቱ ጓዳ ይጠግበው ነበር። ችግሩ እውቀቱ ለማን ይውላል የሚለው ነው። ኬላ ለንጉሡ ነው፤ እስር ቤትም ለንጉሡ ነው። ከአልዩ አምባ ገበያ የምትመለስ ሴት ከዚህ አስተዳደር «ይህ ይገባኛል» ብላ የምትጠይቀው ነገር አልነበራትም።

ከሹመት ወደ ደመወዝ

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሾሙ። ብዙም ሳይቆይ በስማቸው የተጠራው ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ከግብፅ በመጡ የኮፕት መምህራን ቋንቋ የሚያውቁ ወጣቶች ይወጡበት ጀመር። አዲሶቹ መሥሪያ ቤቶች ጸሐፊና አስተርጓሚ ይፈልጉ ነበርና።

የዚያን ዘመን ጉዳይ በጥልቀት ያሰበበት ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነው። ገብረ ሕይወት ወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ሰው አልነበረም፤ በድሬዳዋ ጉምሩክ ሠርቷል፣ ማለትም ኬላን ከውስጥ ያውቀዋል። ሹም ቁርጥ ደመወዝ ይኑረው፣ ግብርም ቁርጥ ይሁን ብሎ ተከራክሯል። ከሞተ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመው መጽሐፉ ርዕሱም «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ነው። አንድ ሹም ከሚያስተዳድረው ሕዝብ እየበላ ሕዝቡን ሊያገለግል አይችልም የሚለውን ነገር እኛ ዛሬ በወርክሾፕ እንማረዋለን። እሱ ግን ከመቶ ዓመት በፊት ደርሶበታል።

ሐሳቡ በሕግ የወጣው ከጣሊያን ወረራ በኋላ ነው። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአገር አስተዳደር ድንጋጌ ገዢዎች በንጉሠ ነገሥቱ እንዲሾሙ፣ ደመወዝም ከመንግሥት እንዲቆረጥላቸው አደረገ። ጠቅላይ ግዛት፣ አውራጃ፣ ወረዳና ምክትል ወረዳ የሚባለው ደረጃ ተዘረጋ። ይፋትም «ይፋትና ጥሙጋ» ተብሎ በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ሥር አውራጃ ሆነ። በ1940ዎቹ አጋማሽ ደግሞ በተባበሩት መንግሥታት ድጋፍ የሕዝብ አስተዳደር ኢንስቲትዩት አዲስ አበባ ላይ ተቋቋመ። የሰባ ዓመቱ ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያም ቅጥር፣ ደረጃና እድገት በወገን ሳይሆን በችሎታ እንዲሆን ታስቦ የመንግሥት ሠራተኞችን የሚያስተዳድር ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት ተፈጠረ።

ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ማጣጣል አይገባም። ፋይል በሥርዓት መያዝ፣ ሠራተኛን በመደብ መቅጠር፣ በጀትን በርዕስ መመደብ የተለመደው በዚህ ዘመን ነው። ግን ኢንስቲትዩቱ የተተከለው በዋና ከተማው፣ ትኩረቱም ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶቹ ላይ ነበር። ከጣርማበር በታች የነበረው ባለጉዳይ የሚያውቀው ትምህርት አንድ ነው፤ ደጅ ጥናት። ቃሉን ልብ እንበለው። በኛ አገር መሥሪያ ቤት መጀመሪያ «ተማሪ» የሆነው ሠራተኛው ሳይሆን ደጅ የሚያጠናው ባለጉዳይ ነው! መቼ እንደሚገባ፣ በማን በኩል እንደሚገባ፣ ምን ይዞ እንደሚገባ ያጠናል።

ካድሬው

ደርግ ሲመጣ የሥልጠናው ይዘት ተለወጠ፤ አቅጣጫው ግን ያው ሆነ። በ1968 ዓ.ም. የተከፈተው የየካቲት 66 የፖለቲካ ትምህርት ቤት ካድሬዎችን በብዛት አስመረቀ። ማርክሲዝም ሌኒኒዝም ተማሩ። የቀበሌ ማኅበር ማኅተም የያዘ ሰው መታወቂያ ይሰጣል፣ ስኳር ያድላል፣ ያስራልም። ስለ መደብ ትግል የሠለጠነ ሰው ስለ ማኅተሙ አልሠለጠነም።

በዚሁ ዘመን ግን ከዚህ የተለየ ነገርም ሆኗል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘማቹ ለአጭር ጊዜ ተዘጋጅቶ፣ ፊደልና መጽሐፍ ይዞ፣ አንድ የተቆረጠ ሥራ ሊሠራ ወጣ። ትምህርቱ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ። ዘመቻው ፕሮፓጋንዳ አልነበረበትም አንልም፤ ነበረበት። ሆኖም ሥልጠናው የሚለካው ዘማቹ በሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ ፊቱ የተቀመጡት ገበሬ ስማቸውን መጻፍ በመቻላቸው ነበር። ገበሬውም ማስተማሩ መሥራት አለመሥራቱን ራሳቸው ያውቃሉ። ይህን ልዩነት እንያዘውና እንቀጥል።

ከአሜሪካ ኩባንያ ወደ ወረዳ ጽሕፈት ቤት

በ1987 ዓ.ም. የሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅ ተከፈተ። አዲሶቹ ክልሎች የሕግ፣ የኢኮኖሚክስና የሒሳብ ባለሙያ አጥተው ነበርና ተማሪው ከየክልሉ እየተመለመለ ገባ። በ1988 ዓ.ም. የሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያ ፕሮግራም ታወጀ፤ ከአምስቱ ንዑስ ፕሮግራሞች አንዱ አገልግሎት አሰጣጥ ነበር። በ1994 ዓ.ም. አካባቢ ደግሞ ሥልጣንና በጀት ወደ ወረዳ ወረደ። ቀወትን የመሰለ ወረዳ ጥቅል በጀት እየተቀበለ መምህሩንም፣ የግብርና ባለሙያውንም፣ የጤና ሠራተኛውንም ራሱ ያስተዳድር ጀመር። በይፋት ታሪክ ትልቅ ነገር ነው፤ ከወላስማዎች ወዲህ ውሳኔ ወደ ቆላው እንዲህ ቀርቦ አያውቅም።

ከዚያ ቢ.ፒ.አር. መጣ። መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ! ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1993 መጽሐፍ አድርገው ያወጡት ማይክል ሃመርና ጄምስ ቻምፒ የተባሉ አሜሪካውያን ናቸው፤ የጻፉትም ለኩባንያዎች ነው። አሮጌውን አሠራር አትጠግን፣ ከባዶ ወረቀት ጀምር ይላል። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ በኢትዮጵያ ያልተሠለጠነበት መሥሪያ ቤት ለማግኘት ያስቸግር ነበር። «ኬዝ ቲም»፣ «የሂደት ባለቤት»፣ «ስትሬች ኦብጀክቲቭ» የሚባሉ ቃላት እስከ ወረዳ ወረዱ። ደረት ላይ ባጅ፣ ግድግዳ ላይ ራዕይና ተልዕኮ፣ በር ላይ የአስተያየት መስጫ ሣጥን ተሰቀለ።

ፍትሐዊ እንሁን። በአንዳንድ ቦታ ሠርቷል። ንግድ ፈቃድ ለማውጣት ከጠረጴዛ ጠረጴዛ የተንከራተተ ሰው በአንድ መስኮት መጨረስ ጀምሯል። ነገር ግን ቢ.ፒ.አር. ሳይረጋ ቢ.ኤስ.ሲ. መጣ፤ ቢ.ኤስ.ሲ. ሳይለመድ ካይዘን መጣ፤ ከዚያ የለውጥ ሠራዊትና አንድ ለአምስት። ለእያንዳንዱ ሥልጠና አለ፤ ለእያንዳንዱ አበል አለ። የወረዳ በጀት አብዛኛው ለደመወዝ በሚያልቅበት አገር የሥልጠና አበል ቀላል ነገር አይደለም፤ ሥልጠናው በራሱ ጥቅማ ጥቅም ሆነ። ፓርቲና መሥሪያ ቤት በተቀላቀሉበት ሁኔታ ደግሞ የአገልግሎት ሥልጠናው የትኛው ጋ ቆሞ የፖለቲካው የትኛው ጋ እንደሚጀምር መለየት አስቸገረ። ሠራተኛው አንድ ነገር በደንብ ተማረ፤ ለሪፖርት የሚመች ቋንቋ።

የግብርና ልማት ሠራተኞችን እንይ። ለየቀበሌው ሦስት ባለሙያ ለማዳረስ ታስቦ በየኮሌጁ በብዛት ሠለጠኑ። ሽንኩርት በመስኖ ለሚያለማ፣ ማሾ ለሚዘራ የይፋት ገበሬ ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ሜዳ ሲወርዱ ግን ማዳበሪያ በኮታ ማከፋፈል፣ ብድር ማስመለስና ሕዝብ ለስብሰባ መጥራት በላያቸው ተጫነ። ስለ ተባይ የተማረ ልጅ ዕዳ ሰብሳቢ ሆኖ ሲመጣ ገበሬው ምን ይበለው? የቀረጥ ኬላው ተመልሶ መጣ ነው የሚለው።

ሌላኛው ኬላ

አሁን የተለየውን እናንሣ። በ1995 እና 96 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች በዋናነት ከሚያገለግሉበት አካባቢ ተመለመሉ። አንድ ዓመት ሠለጠኑ። ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሆነው ተመደቡ። ደመወዛቸው ከመንግሥት ነው። ሥራቸው በ16 ፓኬጆች ተቆጥሮ ተሰጣቸው፤ መጸዳጃ ቤት፣ ክትባት፣ የቤተሰብ ዕቅድ፣ የእናቶችና ሕፃናት ጤና፣ ወባ፣ ወዘተ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁጥራቸው ከ30,000 አለፈ። የተሰጣቸው ቤት ስም ምን እንደሆነ እናውቃለን፤ ጤና ኬላ።

ስሙን ያወጣው ሰው ስለ ይፋት አስቦ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ግን ቆላው በታሪኩ የሚያውቀው ኬላ ከሚያልፈው ሰው ላይ የሚወስድ ነበር። ይህኛው ግን የሚሰጥ ኬላ ሆነ። ይፋት የወባ አገር ነው፤ በ1996 ዓ.ም. ወባ በአገሪቱ በከባድ ወረርሽኝ ተነሥታ ነበር። ቀጥሎ በነበሩት ዓመታት አጎበር በሚሊዮኖች ተሠራጨ፤ የወባ ምርመራና መድኃኒትም እስከ ጤና ኬላ ወረደ። ልጇ ያተኮሰባት እናት ዳገት ወጥታ ከተማ ድረስ መሄድ ሳያስፈልጋት በቀበሌዋ የምታስመረምርበት ቦታ አገኘች። በአገር ደረጃ በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2008ቱ ጥናት 67 ሆነዋል። ሁሉም በነዚህ ሴቶች ብቻ የመጣ ነው አንልም። መንገድ፣ ትምህርት፣ ክትባትና የውጭ ርዳታ ድርሻ አላቸው። ያለነሱ ግን ቁጥሩ እንዲህ አይወርድም ነበር።

የነዚህ ሴቶች ሥልጠና የሠራው ለምንድን ነው? ሦስት ነገር ይታየናል። ሥራው የተቆጠረ ነበር፤ «ተነሳሽነት» የሚል ፓኬጅ የለውም። ሠልጣኟ የአካባቢው ልጅ ነበረች፤ ቋንቋውንም ቤቱንም ታውቃለች፣ ወላስማው የነበረውን የአገር እውቀት ይዛ ለተቃራኒ ዓላማ አዋለችው። ሦስተኛውና ዋናው፣ ሕዝቡ ከሷ ምን መጠበቅ እንዳለበት ያውቅ ነበር። ክትባት ሳትሰጥ የቀረች እንደሆነ የምታውቀው መጀመሪያ እናቲቱ ናት፤ ወረዳው ኋላ ነው የሚሰማው።

ኋላ ላይ በነሱም ላይ ሪፖርትና ስብሰባ በዛ። የአንድ ለአምስት አደራጅ ሆኑ፣ ደመወዛቸው አነስተኛ ሆኖ ቆየ፣ የትምህርት ደረጃ ማሻሻያውም የደረሳቸው ቀስ እያለ ነው። መልካም ሥልጠና በመጥፎ አስተዳደር ሊበላ እንደሚችል የሚያሳይ ነው።

ሰልጣኙ ሲሰደድ

ይፋት ከዚያ ወዲህ ብዙ አይታለች። በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ አጣዬ ተቃጠለች። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ገብቶ ደብረ ሲና ደረሰ። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ ሌላ ጦርነት ተነሣ። እንዲህ ባለ ጊዜ ቢሮ ይዘረፋል፣ ፋይል ይቃጠላል፤ ከሁሉ የሚከብደው ግን የሠለጠነው ሰው አካባቢውን ጥሎ መሄዱ ነው። የአንድ ሠራተኛ የአሥር ዓመት ልምድ በአንድ ሌሊት አውቶቡስ ይሳፈራል። እ.ኤ.አ. በ2024 በአገሪቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ሲመዘገቡ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ጤና ኬላዎች በግጭት መዘጋታቸው ግን አንዱ ነው።

በሌላ በኩል በ2016 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ሠራተኞቹን ለፈተና አስቀመጠ፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የማለፊያ ነጥብ እንዳላመጡ ተነገረ። ብዙዎቻችን ሳቅን። መሳቁ ቀላል ነው። ሰባ ዓመት ያሠለጠነው ማን ሆነና? በ2017 ዓ.ም. ደግሞ «መሶብ» የተባለ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ተጀመረ፤ በአንድ ጣራ ሥር ብዙ ጉዳይ ይጨረስበታል። መልካም ጅምር ነው። ጥያቄያችን ግን የቆላው ጥያቄ ነው፤ መሶቡ ጣርማበርን ወርዶ ሲደርስ ምን ይዞ ይደርሳል?

እኛ ሥልጠና ይቅር የምንል ሰዎች አይደለንም። ከይፋት ታሪክ ግን ለማንኛውም ሥልጠና የሚሆን ሦስት ጥያቄ እናወጣለን። ሠልጣኙ ሲመለስ የትኛውን የተቆጠረ ሥራ ይሠራል? እሱ ሥልጠና ላይ ሳለ ወንበሩ ላይ ማን ይቀመጣል? ሦስተኛ፣ ባለጉዳዩስ ምን ተነገረው? ሰንበቴ ገበያ እሑድ እሑድ የሚገናኙት አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ በስንት ቀን፣ በስንት ብርና በምን ማስረጃ እንደሚሰጥ በሚያነቡት ወይም በሚሰሙት ቋንቋ ካልተነገራቸው፣ ሠራተኛው ቢሠለጥንም የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። እሱ ብቻ የሚያውቀው ነገር ደግሞ አገልግሎት መሆኑ ቀርቶ ሥልጣን ይሆናል።

ለባለጉዳዩ የግማሽ ቀን ሥልጠና የሚሰጥ ወረዳ ካለ እናንተም ጻፉልን፣ እኛም ሄደን እናያለን። አበል አንጠይቅም።